የቡላ ጆሮ

እኔን የእንስሳት ሐኪም ያደረገኝ አንድ ውሻ ነው። ያዳንኩት መስሎኝ ነው እንግዲህ። ቆይ ግን፣ ከሥሩ ልጀምር፤ እንዲህ ጫፉን ይዤ ከሮጥኩ እኔም እጠፋለሁ፣ የሚሰማኝም ይጠፋል።

ያደግሁት ሞጣ፣ ቆዳ መጋዘን ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ይማም የቆዳና የሌጦ ነጋዴ ነበር። ከመርጡለ ማርያም፣ ከጉንደ ወይን፣ ከየገጠሩ የሚመጣው የበግና የፍየል ሌጦ ጨው ተነስንሶበት፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ፣ መኪና እስኪሞላ ድረስ እኛ ግቢ ይከርማል። ሽታውን አልነግራችሁም። እኛ ለምደነዋል፤ እኔ ትዝ የሚለኝ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ሲጠፋ ብቻ ነበር። እናቴ ኸይራት ገበያ መሃል የጨርቅ ሱቅ ስላላት ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የብረቱ በር ይከፈትልኛል፣ እገባለሁ፣ ይዘጋል። እስከ ማታ በቃ! «ሴት ልጅ ገበያ ለገበያ አትዞርም» ብሎ አባቴ አንዴ ተናግሯል፤ አንዴ የተናገረውን ደግሞ አይመልስም። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። አጥሩ የድንጋይ ግንብ ነው፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ ተተክሎበታል። የዚያ ግቢ እስረኞች ሁለት ነበርን፤ እኔና ቡላ።

ቡላ ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ጆሮው እንደ ሌላው የሰፈር ውሻ የቆመ ሳይሆን ታጥፎ የወደቀ። ከምን ዓይነት ውሻ እንደተዳቀለ እንጃ። እንዲህ ያለ ጆሮ ንፋስ እንደማይገባው፣ አንዴ ከረጠበም ቶሎ እንደማይደርቅ የማውቀው ዛሬ ነው፤ ያኔ ግን ጆሮውን የደፋው ጨዋ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ቀን ቀን መጋዘኑ በር አጠገብ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል። ሌጦ ያለበትን ቤት የመንደር ውሻና ጅብ አያጣውም፤ ቡላ አንዴ ከጮኸ ግን ድርሽ የሚል የለም።

የሚያበሉት፣ የሚያስሩትና የሚፈቱት ዘበኛችን አያ ፋንታ ነበሩ። የቢቸና ሰው ናቸው፤ ሚስታቸውን እዚያው ትተው እኛ ቤት ስድስት ዓመት ያህል ሠርተዋል። ዘለግ ያሉ፣ ዝምተኛ፣ ከቡላ ጋር ሲሆኑ ብቻ አፋቸው የሚፈታ ሰው ነበሩ። «እንዴት ዋልክ ጌታው? ዛሬስ ማንን አባረርክ?» ይሉታል። በቆሎ ሲጠብሱ ገምሰው ለእኔም ይሰጡኛል። «ሀኒያ፣ እንዳትነኪው፤ ከሩቅ አጫውችው» ይሉኝ ነበር።

መንካት ክልክል ነው። በእኛ ቤት ውሻ ለጥበቃ ይያዛል እንጂ አይዳሰስም፤ ምራቁ ነጃሳ፣ ርኩስ ነው፤ ልብስ ከነካ አይሰገድበትም። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስበላ ሰንሰለቱ ካሰብኩት በላይ ረዘመና ቡላ ሳህኔን ላሰው። እናቴ በዚያው ቅጽበት ከሱቅ ገባች። ጩኸቷን ተዉት! ሳህኑን በጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ የዝናብ ውሃ ወደምናጠራቅምበት በርሜል ወሰደችው። መጀመሪያ በአፈር አሸችው፣ ከዚያ ስድስት ጊዜ በውሃ። በድምሩ ሰባት። የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ «ጮክ ብለሽ!» ትለኛለች። ሰባት ስል «አሁን ጠራ» አለች። ማታ በዚያው ሳህን ሽሮ በላሁ።

እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የተላሰው ሳህን በሰባት ከጠራ ላሹስ? እንዴት ማንም ይህ አልታየውም ብዬ ተደነቅሁ። ትልልቆቹ ሳህን ሳህኑን ሲያጥቡ ውሻውን ረስተውታል! እሱ አንዴ ቢታጠብ፣ ነገሩ ሁሉ አለቀ፤ ቡላ ይጠራል፣ እኔም እነካዋለሁ፣ እናቴም አትጮህም። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ብልህነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ያን ሰሞን ነው የቡላ ጆሮ የታመመው። የክረምት መግቢያ ስለነበር መነሻው ዝናቡ ሳይሆን አይቀርም። ራሱን ያራግፋል፤ ጆሮው ጧ ጧ እያለ ይማታል። በእግሩ ሲያክ ውሎ ከጆሮው ሥር ጠጉሩ ተመለጠ፣ ቆዳው ቀላ፤ አንገቱ ላይ ሰንሰለቱ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ እርጥብ ቁስል ያዘ። ከጆሮው የሚወጣው ቡናማ ፈሳሽ ሽታው የሌጦውን ሽታ አስናቀ፤ እንግዲህ አስቡት። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ የመንደር ውሾች ዝናብ ባፈረሰው የግንቡ ጥግ ገብተው የፍየል ሌጦ ሲጎትቱ አድረዋል። ቡላ አልሰማም። ጥግ ይዞ ራሱን ያካል።

አባቴ ሐኪም አስመጣ። ስጦታው ይባላል፤ ከቢቸና በሞተር ብስክሌት ቅዳሜ ቅዳሜ ሞጣ ብቅ የሚል ወጣት ነው፣ ሁሉም ዶክተር ይለዋል። አያ ፋንታ የቡላን አፍ በጨርቅ አሰሩ፤ ስጦታው ጆሮውን በጥጥ ጠረገ፣ ጠብታ ጨመረ፣ ለቁስሉም ቅባት ሰጠ። «በአሥር ቀን ይድናል» አለ። እውነትም ዳነ። አያ ፋንታ ጠብታውን ጠዋትና ማታ ሳያቋርጡ ጨመሩለት፤ ቡላም ራሱን ማራገፍ ተወ፣ መጮህ ጀመረ።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ነጃሳው እንዳለ ነዋ! ሥሩ ካልተነቀለ ተመልሶ ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዓርብን መረጥኩ። ትምህርት ቤት ለክረምት ተዘግቷል፤ ዓርብ አባቴ ለጁምዓ መስጊድ ይሄዳል፤ አያ ፋንታም በዚያች ሰዓት እኔን በሩን ከውስጥ አስቆልፈው ጊዮርጊስን ተሳልመው ይመለሳሉ። አፈር በጆግ በጠበጥኩና የቡላን አናት፣ አንገቱን፣ ጆሮውን እስከ ውስጡ አሸሁት። ከዚያ ስድስት ጆግ ውሃ። «ሁለት! ሦስት!» እያልኩ እቆጥራለሁ። ውሃው ጆሮው ውስጥ ሲገባ ይንቀጠቀጣል እንጂ አልነከሰኝም። እንዲያውም ሲያልቅ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ ጣለው። ሙቀቱ እስካሁን ይሰማኛል። ያ ግቢ ተቆልፎብኝ ማንንም አቅፌ የማላውቅ ልጅ፣ የማቅፈው አገኘሁ። ብቻ ደስ አለኝ። ኋላም የራሴን እጅ ሰባት ጊዜ አጥቤ ገባሁ።

በሳምንቱ ጆሮው ተመለሰበት።

ስጦታው መጣ፣ ጠብታ ሰጠ፣ ሻል አለው። ዓርብ ሲደርስ አጠብኩት። ደግሞ ተመለሰበት። እኔ ምን አልኩ? አንድ ዓርብ አልበቃውም አልኩ። ሰባት ጊዜ መታጠቡ ልክ ከሆነ ዓርቡም ሰባት መሆን አለበት። የደረቀ ጆሮ እያረጠብኩ፣ የተዘጋ ቁስል በአፈር እየከፈትኩ፣ በመጨረሻው ዓርብ ይድናል ብዬ በጣቴ እቆጥራለሁ። ዛሬ ባለ ውሻ ሁሉ እንዳያደርግ የምከለክለውን ነገር በሙሉ እኔ በዚያች ክረምት አንድ ሳይቀር አድርጌዋለሁ።

አምስተኛው ዓርብ ባለፈ ማግስት ስጦታው የቡላን ጆሮ ከፍቶ ብዙ ቆየ። ጥጡን አወጣና ለአባቴ አሳየው። ቀይ አፈር ነው።

«ይኼ ጆሮ ውሃ እየገባበት ነው» አለ። «እኔ ሳደርቅ አንድ ሰው ከኋላዬ ያረጥባል። እንዲህ ከቀጠለ ይደነቁራል ጋሽ ይማም።»

«የማይሰማ ውሻ ምን ያደርግልኛል?» አለ አባቴ። «ማዘጋጃ ቤት ለውሻ መርዝ በሚያዞርበት ቀን በሩን ከፍቼ መልቀቅ ነው እንጂ!»

እኔ ከጨው ጆንያዎቹ ኋላ ነበርኩ። ሁለት ዓርብ ነው የቀረኝ፤ መርዙ ከዚያ በፊት ከመጣስ? ሌላ ምንም አላሰብኩም። የቡላ ነፍስ በእኔ ጆግ ላይ ናት ብዬ ነው የማምነው።

ግቢው ውስጥ ሌጦ ያመጡ አምስት ስድስት ነጋዴዎች ቆመዋል። አባቴ ወደ አያ ፋንታ ዞረ። «አያ ፋንታ፣ እርስዎ አጥበውታል?»

«ማርያምን! አልነካሁትም።»

«እንግዲያስ ሌጦዬን ሊያወጣ ያሰበ ሰው ነው ውሻዬን የሚያደነቁርብኝ» አለ አባቴ። ደሙ ፈልቷል። «ወላሂል አዚም! ይኼን ጆሮ ውሃ ያስነካ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ቤት እህል አይቀምስም!»

«ተው ይማም፣ አትማል» አለው አንዱ ነጋዴ።

«ምያለሁ!»

እኔን ነው ብዬ አልደነገጥኩም። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ግን እውነቱ ይኼ ነው። አባቴ የሚለው በክፋት ውሃ የሚደፋውን ሌባ ነው፤ የእኔ እኮ ማጥራት ነው። እንዲያውም ሌባውን እንዲይዘው ዱዓ አደረግሁ።

ስድስተኛው ዓርብ መጣ። አራተኛውን ጆግ ሳፈስ በሩ ተንቋቋ። አያ ፋንታ በቀዳዳው እጃቸውን አስገብተው መቀርቀሪያውን ከፍተዋል፤ ቀድመው ነው የተመለሱት። አንድ እግራቸው ግቢው ውስጥ ገብቶ አየሁት። ከዚያ እግሩ ተመለሰ። በሩ ተዘጋ። ውጭ ሆነው ማሳል ጀመሩ፤ ሳሉ፣ ሳሉ፣ መቀርቀሪያውን ነካኩት፣ እንደገና ሳሉ። እኔ የቀረውን ቶሎ ቶሎ አፍስሼ፣ ጆጉን ደብቄ ሮጬ ገባሁ። «ሽማግሌው ምንም አላዩም» ብዬ አፌን ይዤ ሳቅሁ። የልጅ ነገር! ያ ሁሉ ሳል ለእኔ ጊዜ መስጫ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ስጦታው ጥጡን ሲያወጣ እንደገና አፈር ሆነ። ያውም ያልደረቀ። ሌጦ አምጪዎቹ እንደ ልማዳቸው ግቢው ውስጥ ናቸው። አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ድምፁ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው። «እዚህ ግቢ ውስጥ የሚውለው ማን ነው?» አለ።

ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። የቀሚሴ እጅጌ ላይ የትናንቱ አፈር ደርቋል፤ እኔ አላየሁትም። አያ ፋንታ አዩት። ሁለት እርምጃ ተራምደው ፊቴ ቆሙ፤ ጀርባቸው ጋረደኝና አባቴ አልታይ አለኝ።

«እኔ ነኝ ያጠብኩት» አሉ።

«እርስዎ?»

«ቁስሉ አሳዝኖኝ ነው።»

«ባለፈው በማርያም ምለው አልነካሁትም አላሉም?»

«ፈርቼ ነው የማልኩት።»

ከነጋዴዎቹ አንዱ አማተበ። አባቴ ወደ በሩ ጠቆመና «ምያለሁ አያ ፋንታ። ዕቃዎን ይያዙ» አለ።

እኔ ጀርባቸውን እያየሁ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ተናደድኩ! ለካ እሳቸውም ያጥቡታል! ለካ ለዚህ ነው አልድን ያለው! እኔ ሰባት ስል እሳቸው ሌላ ሰባት ይጨምራሉ፣ አሥራ አራት ይሆናል፣ ቆጠራው ይበላሻል። የስድስት ዓርብ ልፋቴን መና ያስቀሩት እሳቸው ናቸው። ቡላን ሊያስገድሉት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ሲወጡ በሩ ዘንድ ቆሜ አጨበጨብኩ። «እሰይ!» ብዬ ሳቅሁ። ቡላ ሰንሰለቱን እየጎተተ ያለቅሳል። አያ ፋንታ ዘወር ብለው አዩኝ። ትንሽ ቆመው ሄዱ።

ሰባተኛው ዓርብ የእኔ ብቻ ነበር። ያለ ተቀናቃኝ፣ በጥንቃቄ፣ አንድም ሳላጓድል አጠብኩት። «ሰባት!» ብዬ ስዞር አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ግቢው ዘበኛ ስለሌለው ከመስጊድ ቶሎ ተመልሷል። ጆጉን ከእጄ ወሰደ። አልመታኝም። ጨው ጆንያው ላይ ቁጭ አለና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ፀሐይ መትቶት መሰለኝ።

«አባባ፣ ውሃ ላምጣልህ?» አልኩት።

«ውሃ ይቅርብኝ» አለኝ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ከቤት ወደ መጋዘኑ ግቢ የሚያስወጣው በር በቁልፍ ተዘጋ። ቀኑን ሙሉ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት። እስር ላይ እስር ተጨመረብኝ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም። በማግስቱ እናቴ ትልቅ ድስት ጣደች፤ አሥር ድሆች ተጠርተው በሉ። እንጀራ ሳቀርብ አንድ ሁለት ብዬ ስለቆጠርኳቸው ቁጥሩን አልረሳም። ለቡላ ጤና የተሰጠ ሰደቃ ነው ብዬ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ቢቸና ሄዶ ኩርፍ ብሎ ተመለሰ፤ ሌጦ ፍለጋ ሄዶ ባዶ እጁን የመጣ መሰለኝ።

ቡላም ዳነ! በመስኮቱ ስንጥቅ አየዋለሁ። በወሩ ቁስሉ ደረቀ፣ የተመለጠው ጠጉር በቀለ፣ ድምፁ ተመለሰ። ስጦታው የሰጠውን ጠብታ እናቴ ራሷ ጓንት አድርጋ ትጨምርለት ነበር። እኔ ግን የጠብታውን ነገር ከቁጥርም አላስገባሁት። ሰባተኛው ዓርብ ሠርቷል! ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ክፍል ውስጥ የሚሸሹኝ ልጆች ሳይቀሩ «ውሻ ያዳነችው» ይሉኝ ጀመር። ስሙ ጣፈጠኝ፤ አድጌም አልተውኩትም። ኮሌጅ ስገባ ምን ልትማሪ ነው ሲሉኝ ሳላመነታ የእንስሳት ጤና አልኩ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። አስተማሪያችን ስለ ውሻ ጆሮ ያስተምራል፤ የሚመላለስ ኢንፌክሽን ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ጠይቁ አለ፣ ማን ነው የሚያጥበው ብላችሁ። ውሃ በገባበት ቁጥር ይነሳል፤ ውሃው በቆመ በወሩ ይደርቃል አለ። እስክሪብቶዬ ቆመ። ጓደኞቼ ይጽፋሉ። እኔ አያ ፋንታ ከፊቴ የቆሙበት ጀርባ ታየኝ፤ እኔ ላይ ያረፈ ዓይናቸው፣ ሳላቸው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ደብተሬን ጥዬ ከክፍል ወጣሁ።

ለዕረፍት ሞጣ ስገባ አባቴን ያዝኩት። አልካደም።

«ያን ዓርብ እንዳየሁሽ ገባኝ» አለኝ። «ምያለሁ። አንቺ ደግሞ ልጄ ነሽ፣ ከትሪዬ ትበያለሽ። አሥር ሚስኪን አብልቼ መሐላዬን አፈረስኩ።»

መሐላውን የሚያፈርስ ሰው አሥር ድሃ እንደሚያበላ እኔስ መች አጣሁት? ኡስታዙ ቁርኣን ቤት አስተምሮናል። ያን ቀን የቆጠርኳቸው አሥር ሰዎች ለቡላ ሳይሆን ስለ እኔ የበሉ ነበሩ። «አያ ፋንታስ?» አልኩት።

«ቢቸና ድረስ ሄድኩላቸው። ለመንኳቸው። ያ ቤት ይቅርብኝ አሉኝ፤ ምክንያቱን ብላቸው ብሠራቸው አልተናገሩም። በማርያም ምሎ የዋሸ ተብሎ በነጋዴው ሁሉ ስለተወራ ሌላም የሚቀጥራቸው አልተገኘም ነበር። እንዲያም ሆኖ እንቢ አሉ።»

«ነጋዴዎቹን ጠርተህ እውነቱን አልነገርካቸውም?»

«ልጄ ናት ብዬ?» አለኝ። ከዚያ ወለሉን አየ። «ኋላ ደግሞ አንቺ ውሻ አዳንኩ እያልሽ ስትፎክሪ፣ ትምህርቱንም በዚያ ተነስተሽ ስትይዢ፣ አፌን ያዘኝ።»

ስመረቅ የተመደብኩት የት መሰላችሁ? ቢቸና። ሁለት ዓመት ሙሉ በአያ ፋንታ ሰፈር የሚያልፈውን መንገድ ትቼ በሌላ ዞርኩ። ሥራ ቦታዬ ከቤታቸው አሥር ደቂቃ አይሞላም። ጠዋት ስነሳ ዛሬ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ቃል እመርጣለሁ፤ ቃሉ ሲጠፋ ይመሻል። ሞጣ ያለው ግንብ እንኳ በር ነበረው፤ ይኼኛው የለውም።

ባለፈው መጋቢት አንዲት ሴት ቡችላ ይዛ ክሊኒክ መጣች። ጆሮውን ስከፍተው እርጥብ ነው። «ማን ነው ያጠበው?» ብዬ ጮህኩ። ሁልጊዜ እጮሃለሁ፤ ጸባዬ ነው ይላሉ። የሴትየዋ ትንሽ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ከኋላዋ ተሸጎጠች። ማን እንዳጠበው ገባኝ። ተንበርክኬ ልጅቷን ጠራኋትና በደረቅ ጨርቅ እንዴት እንደሚጠረግ አሳየኋት። እነሱን እንደሸኘሁ ጋዋኔን አውልቄ ወጣሁ።

አያ ፋንታ ደጃፋቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። ሚስታቸው ውበቴ ከጓሮ ጎመን ትቆርጣለች።

«ማነሽ?»

«ሀኒያ ነኝ። የይማም ልጅ፣ ከሞጣ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «የቆዳው ይማም? ሞተ እንዴ?»

«የለም፣ ደኅና ነው።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለሽ?»

ቁጭ በይ አላሉኝም። ቆሜ ጀመርኩ። «የቡላን ጆሮ ያጠብኩት እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ…»

«በዓይኔ አይቼሽ የለም? በማግስቱ እመክራታለሁ ብዬ አደርኩ፤ ሐኪሙ ቀደመኝ።»

«ለምን በእኔ ፈንታ ተናገሩ?»

«አባትሽ ምሏል። ወይ መሐላውን ሰው ፊት ያፈርሳል፣ ወይ ልጁን ያስርባል። እሱ ደግሞ የተናገረውን አይመልስም። እኔ ሌላ ቤት አላጣም ብዬ ነው።» ዱላቸውን መሬት ላይ አዟዟሩ። «እሱስ አልቆጨኝም። አባትሽ ሊወስደኝ ሲመጣም እመለስ ነበር። ግን አንቺ ሳቅሽብኝ።»

ዱላቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«በእመቤቴ ምሎ ዋሸ እስክባል ላንቺ ስቆም፣ አንቺ አጨበጨብሽ። እሰይ አልሽ። ይቺ ልጅ ያለችበትን ደጅ ዳግም አልረግጥም ብዬ ማልኩ። እንጀራዬንም ጎዳሁ፣ ውበቴንም አስራብኩ፤ አልረገጥኩም።»

ነገርኳቸው። ሳህኑን፣ አፈሩን፣ ሰባቱን ዓርብ፣ መርዙን። እሳቸውም የሚያጥቡት ስለመሰለኝ፣ አሥራ አራት ሆነ ብዬ እንደተናደድኩ። እሳቸው ካልወጡ ቡላ ይሞታል ብዬ እንደፈራሁ፣ ስለወጡ ብቻዬን ላድነው ነው ብዬ እንዳጨበጨብኩ። እንባዬ አፌ ውስጥ ገባ፤ አልጠረግሁትም።

«እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።

«እኔ ያበላሸሁብሽ መስሎሽ?»

«አዎ፣ አያ ፋንታ።»

ውበቴ ጎመኑን እንደያዘች ከጓሮ ብቅ ብላ ቆማለች። አያ ፋንታ ዱላቸውን ተመርኩዘው መነሳት ጀመሩ። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ወደኋላ አልኩ። ቀና ብለው እስኪቆሙ ጊዜ ወሰደባቸው። ቆባቸውን አወለቁ።

«የስምንት ዓመት ልጅ» አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ውበቴ፣ ሰማሽ? የስምንት ዓመት ልጅ ጠልቼ ሃያ ዓመት ኖርኩ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ይቅርታ ልጠይቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል ስመርጥ የኖርኩት እኔ ነበርኩ። ቀደሙኝ።